በአንድ ኪሎ የፉርኖ ዱቄት ለስድስት ጎረቤት የሚደርስ የእንቁጣጣሽ ስጦታ

እኛ ብሎክ ውስጥ በአንድ ደረጃ የምንወጣና የምንወርድ ሰባት ቤቶች ነን። ከእኛ ውጪ ስድስት ማለት ነው። ሁለቱ ቤት ሙስሊም፣ አንዱ ፕሮቴስታንት፣ ሦስቱ ኦርቶዶክስ ናቸው። መብራት ሲጠፋ ሻማ የምንዋዋሰው፣ ልጅ ሲታመም ሌሊት በራቸውን የምናንኳኳው እነሱ ናቸው። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ባዶ እጄን «እንኳን አደረሳችሁ» ብዬ ማለፍ አልወድም። ለስድስት ቤት ኬክ ልግዛ ብል ደግሞ የዶሮው ሂሳብ ይጎድላል።

ስለዚህ ቤቴ እሠራለሁ። እንቁጣጣሽን የመረጥኩትም በምክንያት ነው። ገናና ፋሲካ የክርስቲያኑ፣ ዒድ የሙስሊሙ ነው። ዘመን ግን የሚለወጠው ለሁሉም ነው። እንደኛ ለተደባለቀ ሰፈር ከዚህ የተሻለ ቀን የለም።

እዚህ የማሳያችሁ ሦስት ነገር ነው፦ ዳቦ ቆሎ፣ መከለሻ እና በጣሳ የተተከለ ጤና አዳም። ዋናው ዳቦ ቆሎው ነው። ጊዜ ከሌላችሁ እሱ ብቻውን ይበቃል።

ዱቄት ከመግዛታችሁ በፊት

ወረቀት ያዙና የየቤቱን ሁኔታ ጻፉ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ስጦታው እንዲበላና እንዳይበላ የሚያደርገው ይሄ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ጾም ነው። እንቁጣጣሽ እንደ ገና በዓል ከፊቱ ረጅም የአዋጅ ጾም የለውም። ሆኖም ጳጉሜንን በፈቃዳቸው የሚጾሙ ሰዎች አሉ። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ሲውል ደግሞ በዕለቱም ይጾማል። የ2019 እንቁጣጣሽ የሚውለው ዓርብ ነው። ቅቤ፣ ወተት ወይም እንቁላል የገባበት ነገር ብትሰጡ ኦርቶዶክስ ጎረቤታችሁ በበዓሉ ቀን አይቀምሰውም።

እኔ አንድ ዓመት ዳቦ ቆሎውን በለጋ ቅቤ ለውሼ ረቡዕ ቀን አደረስኩ። ጎረቤቴ በደስታ ተቀበለችኝ። ልጆቿ ሊቀምሱ እጃቸውን ሲሰዱ ግን «ነገ» ብላ መደርደሪያ ላይ ሰቀለችው። የልጆቹ ዓይን እስከ ዛሬ ይታየኛል። ከዚያ ወዲህ ለስጦታ የምሠራው ሁሉ የጾም ነው፤ በዘይት።

ሁለተኛው ሥጋና መጠጥ ነው። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፤ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። ጠላና ጠጅም የማይገባባቸው ቤቶች አሉ። ከእህልና ከቅመም የተሠራ ነገር ግን የትኛውም ቤት ይገባል።

ሦስተኛው ጤናና ዕድሜ ነው። ስኳር ላለባቸው ሰዎች ዳቦ ቆሎ ጥሩ አይደለም፤ ለእነሱ መከለሻው ወይም ጤና አዳሙ ይሻላል። አንደኛ ፎቅ ላይ ያሉት እማማ ጥርሳቸው ስለማይችል ለእሳቸው ሁልጊዜ በሶ ነው የማደርግላቸው። ከገበያ የተቆላ ገብስ በሶ እገዛለሁ፣ በደንብ እነፋዋለሁ፣ ጨውና ትንሽ በርበሬ በትንሽ ወረቀት ለብቻ አያይዤ እሰጣለሁ። በጣም ይወዱታል።

መጠኑን ደግሞ ለሁሉም ቤት እኩል አድርጉ። ደረጃ ላይ የአንዱ ከሌላው ተልቆ ከታየ በመልካም የታሰበው ነገር ቅሬታ ይሆናል።

በሰሃን አትላኩ

እኛ አገር ሰሃን ባዶውን አይመለስም። ምግብ በሰሃን የላካችሁለት ሰው ሰሃኑን ሲመልስ የሆነ ነገር አድርጎበት ነው። ደስ የሚል ልማድ ነው፤ በሌላው ጊዜ እኔም እወደዋለሁ። በዓል ሲቃረብ ግን፣ እጅ ባጠረበት ሰሞን፣ ለአንዳንዱ ቤት ያች ሰሃን ጭንቀት ናት። ስለዚህ ስጦታውን የማይመለስ ነገር ውስጥ አድርጉት። ገዝታችሁ ሳይሆን አጠራቅማችሁ።

ከሐምሌ ጀምሮ ባዶ የማርና የማርማላታ ጠርሙሶችን አትጣሉ። ወረቀቱ እንዲለቅ ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት። የቀረውን ሙጫ የምግብ ዘይት ቀብታችሁ ትንሽ አቆዩትና በጨርቅ ስታሹት ይለቃል። ከዚያ በሳሙና አጥባችሁ፣ በፈላ ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ቀቅሉትና አፉን ወደ ታች ደፍታችሁ አድርቁት። ክዳኑን ማሽተት አትርሱ። የሽንኩርት ወይም የኮምጣጤ ሽታ የያዘ ክዳን ሽታውን ለዳቦ ቆሎው ያጋባል።

ስድስት ተመሳሳይ ጠርሙስ ካላገኛችሁ ካኪ ወረቀት አጥፋችሁ ከረጢት ሥሩ። ጋዜጣም ይሆናል፤ ግን ቀለሙ ከምግብ ጋር እንዳይነካካ ከውስጥ ንጹሕ ነጭ ወረቀት አልብሱት።

ዳቦ ቆሎ

ለስድስት ቤት የሚበቃው ይሄ ነው፦

- 1 ኪሎ የፉርኖ ዱቄት
- 200 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት
- 100 ግራም ስኳር (8 የሾርባ ማንኪያ)
- 2 የሻይ ማንኪያ ጨው
- 1 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ
- 1 የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ
- 1 የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ ሳይፈጭ
- ከ350 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ

እርሾ አይገባበትም። በርበሬ የማይችሉ ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ካለ ዱቄቱን ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ያለ በርበሬ አቡኩት።

1. ስኳሩንና ጨውን በለብታው ውሃ አሟሙ። ስኳሩ ሳይሟሟ ከገባ ምጣድ ላይ እዚህም እዚያም ያርና ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል።

2. ዱቄቱን ንፉና በርበሬውን፣ ኮረሪማውንና ጥቁር አዝሙዱን ቀላቅሉበት። ከዚያ ዘይቱን አፍስሳችሁ በጣታችሁ እሹት። ውሃ ገና አታስገቡ። ዱቄቱ በሙሉ ዘይት ነክቶት፣ ጨብጣችሁ ስትለቁት እንደተጨበጠ የሚቆይ፣ ነካ ስታደርጉት የሚፈረካከስ እስኪሆን እሹ። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው። ዘይቱ ዱቄቱን ቀድሞ ካልሸፈነው ውሃው ሊጡን እንደ ሙጫ ያያይዘውና ዳቦ ቆሎው ሲበስል ድንጋይ ይሆናል። በደንብ የታሸ ዳቦ ቆሎ ግን አፍ ውስጥ ይፈረካከሳል።

3. ውሃውን ጥቂት ጥቂት እያላችሁ ጨምሩ። ሁሉንም ላያስፈልጋችሁ ይችላል። የምትፈልጉት ጠንከር ያለ፣ እጅ ላይ የማይጣበቅ ሊጥ ነው። ለአምስት ደቂቃ ያህል ብቻ አቡኩት፤ እንደ ዳቦ ሊጥ ረጅም ሰዓት አትድከሙበት። እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ ለ20 ደቂቃ አሳርፉት።

4. እንቁላል የሚያክል ቁራሽ እያነሳችሁ ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ በመዳፋችሁ እያንከባለላችሁ እንደ ገመድ አርዝሙት። ውፍረቱ ከእርሳስ አይብለጥ። አራት አምስቱን ጎን ለጎን ደርድሩና በአንድ ቢላ አንድ ላይ ቁረጡ፤ የአንዱ ርዝመት አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። እዚህ ላይ መጠኑ ትልቅ ትንሽ ከሆነ ትንሹ ሲያር ትልቁ ጥሬ ይቀራል። ልጆች ካሏችሁ የማንከባለሉን ሥራ ለእነሱ ስጡ። እኔ ቤት ከሁሉ የሚወደደው ሥራ እሱ ነው።

5. ኦቨን ካላችሁ 175 ዲግሪ ላይ አሙቁና ዳቦ ቆሎውን በትሪ ላይ ሳይደራረብ ዘርጉት። ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። በየ10 ደቂቃው አውጥታችሁ አገላብጡት። ኦቨን ከሌለ ምጣድ ወይም ወፍራም መጥበሻ ይበቃል። እሳቱ መካከለኛ ይሁን። ምጣዱን ሳትሞሉ በጥቂት በጥቂቱ እያደረጋችሁ፣ በእንጨት ማንኪያ እያማሰላችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቁሉት። እሳት አብዝቶ ለመጨረስ መቸኮል አያዋጣም፤ ላዩ ቡናማ ሆኖ ውስጡ ሊጥ ይቀራል። የበዓል ሰሞን መብራት ስለማያስተማምን እኔ የምቆላው ሲሊንደር ላይ ነው።

6. አንዱን አውጥታችሁ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁና ንከሱት። ትኩስ እያለ ለስላሳ ስለሚመስል አያሳያችሁም። ቀዝቅዞም መሃሉ ለስላሳ ከሆነ ለአምስት ደቂቃ መልሱት። ኩሽ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል።

7. ሰፊ ትሪ ላይ በትኑትና ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት። ሙቅ እያለ ከታሸገ እንፋሎቱ ክዳኑ ላይ ውሃ ሆኖ ይመለስና ዳቦ ቆሎው ይለሰልሳል። ከቀዘቀዘ በኋላ ግን አታሳድሩት። ጳጉሜን ገና ክረምት ነው፤ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ክፍት ያደረ ዳቦ ቆሎ ጠዋት ለስልሶ ታገኙታላችሁ። ይሄ ከደረሰባችሁ አትደንግጡ፤ ለአምስት ደቂቃ ምጣድ ላይ ሲመለስ ይደርቃል።

በዘይት የሚጠብሱትም አሉ። ይፈጥናል፣ ቆንጆም ይወጣል። ለስጦታ ግን አልመክርም። ብዙ ዘይት ይጠጣል፣ ወረቀቱን ያረጥባል፣ ቶሎም ይሻግታል። የተቆላው በደንብ ከተከደነ ለሳምንታት ይቆያል።

ከአንድ ኪሎ ዱቄት 1 ኪሎ ከ100 እስከ 1 ኪሎ ከ200 ግራም ዳቦ ቆሎ ይወጣል። ለአንድ ቤት 180 ግራም ያህል ብታደርጉ ስድስቱም ቤት ይደርሳል፤ ለቤታችሁም የቡና ቁርስ የሚሆን ትንሽ ይተርፋል። ሚዛን ከሌላችሁ ለሁሉም በአንድ ኩባያ ለኩ።

መከለሻ

ይሄ ትንሽ ናት፤ የምትደርሰው ግን በጊዜዋ ነው። በበዓል ዋዜማ እያንዳንዱ ወጥ ቤት ድስት ተጥዷል። ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል የሚነሰነስ መከለሻ በዚያች ሰዓት እጅ ላይ መገኘቱ ትልቅ ነገር ነው። ዶሮ ላይ ብቻ ሳይሆን ሽሮና ምስር ላይም ስለሚሆን ለሚጾመውም ቤት ይሆናል።

እኔ የምጠቀመው 4 የሾርባ ማንኪያ የኮረሪማ ፍሬ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ የተሰባበረ ጥምዝ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቅርንፉድና የጣት ርዝመት ያለው አንድ እንጨት ቀረፋ ነው። ኮረሪማውን ከነቅርፊቱ ግዙት። ተፈጭቶ የሚሸጠው ውስጥ ምን እንደገባ አይታወቅም፤ መዓዛውም ሄዷል። ቅርፊቱን ሰብራችሁ ፍሬውን አውጡና ከላዩ ያለውን ነጭ ስስ ልጣጭ አራግፉ።

ኮረሪማውን፣ ጥምዙን፣ ቁንዶ በርበሬውንና ቀረፋውን በቀስታ እሳት ላይ ለሦስት አራት ደቂቃ አሙቁ። ቅርንፉዱን መጨረሻ ላይ ጨምሩ፤ ቶሎ ያራል። ቤቱ በመዓዛ ሲሞላ አውርዱ። ከቀዘቀዘ በኋላ በሙቀጫ ውቀጡት ወይም በቡና መፍጫ ፍጩትና ንፉት። በቡና መፍጫ ከፈጫችሁ ቀጥሎ አንድ ጭብጥ ጥሬ ሩዝ ፍጩበትና ድፉት። አለዚያ የነገው ቡና ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል።

ለአንድ ቤት አንድ የሾርባ ማንኪያ ስጡ። አንድ የሻይ ማንኪያ ለአንድ ድስት ስለሚበቃ ለሦስት ድስት ይሆናል። በትንሽ ላስቲክ አሽጋችሁ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ክተቱትና ላዩ ላይ «መከለሻ፤ ወጡ ሊወርድ ሲል» ብላችሁ ጻፉ።

ጤና አዳም በጣሳ

ይሄኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ጊዜ ነው የሚጠይቀው። ሥር ለመያዝ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ስለሚወስድ ሐምሌ መጨረሻ ላይ መጀመር አለበት። ክረምቱም ያግዛችኋል።

ካደገ ጤና አዳም ላይ አበባ ያላወጣ፣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቅርንጫፍ ቁረጡ። የታችኛውን ግማሽ ቅጠሉን አራግፉ። ባዶ የዱቄት ወተት ወይም የቲማቲም ድልህ ጣሳ ሥሩን በምስማር አምስት ስድስት ቦታ ብሱ። አፈርና አሸዋ እኩል ቀላቅላችሁ ሙሉት፣ ቅርንጫፉን ተክላችሁ ዙሪያውን ጠቅጠቅ አድርጉት። አፈሩ እርጥበት ይኑረው እንጂ ውሃ አይተኛበት። ፀሐይ በቀጥታ ከማይመታው ቦታ፣ በረንዳ ጥግ ላይ አስቀምጡት። አዲስ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር ይዟል ማለት ነው። ለጥንቃቄ ከምትፈልጉት ሁለት ሦስት አብልጣችሁ ትከሉ፤ ሁሉም አይጸድቅም።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ጭማቂው ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው አንዳንድ ሰው ላይ ያቃጥላል፤ ከቆረጣችሁ በኋላ እጃችሁን ታጠቡ። እርጉዝ ሴትም ከጤና አዳም እንድትቆጠብ ይመከራል። ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት ሌላውን ስጦታ ስጡ፤ በሶብላም በዚሁ ዓይነት ይተከላል።

ማሸግ

ሪባን አትግዙ። ያረጀ የሐበሻ ቀሚስ ወይም ነጠላ ካላችሁ ጥለቱን በቀጭኑ ቆርጣችሁ ጠርሙሱ አንገት ላይ እሰሩት። እሱም ከሌለ ለቤት ከሚጎዘጎዘው ቄጠማ ረጃጅሙን መርጣችሁ በእሱ እሰሩ። አንድ ቀን ይቆያል፤ የሚያስፈልገውም አንድ ቀን ነው። አደይ አበባ በአቅራቢያችሁ ካለ በማለዳ ቆርጣችሁ ውሃ ውስጥ አቆዩትና ስትወጡ ብቻ ሰኩት። ቀድሞ ከተሰካ ይጠወልጋል።

ካርዱን ልጆች ይሥሩት። አበባ ስሎ ማዞር ድሮም የእነሱ ነው። ሲስሉ ግን አንድ ነገር ንገሯቸው፤ በእንቁጣጣሽ ስዕል የሰጠ ልጅ ብር ይጠብቃል። ይሄኛው ስጦታ እንደሆነ፣ ሰጥተው ወዲያው እንደሚመለሱ ቀድመው ይወቁ። ጎረቤቱም የሚሰጠው ሳንቲም አጥቶ በር ላይ እንዳይቸገር።

ከውስጥ «እንኳን ከዘመን ወደ ዘመን በሰላም አሸጋገራችሁ» ይበቃል። ይሄ ለየትኛውም ሃይማኖት ተከታይ ይሆናል። ከጀርባው ምን እንደገባበትና የተሠራበትን ቀን ጻፉ፦ የፉርኖ ዱቄት፣ ዘይት፣ ስኳር፣ በርበሬ፣ ቅመም፤ ቅቤም እንቁላልም የለውም። እንዲህ ከተጻፈ ጾመኛው ሳይጠይቅ ይበላዋል።

ማድረስ

ዳቦ ቆሎውን ጳጉሜን 2 ወይም 3 ሥሩት። መከለሻውን 4 ላይ ፍጩት፤ መዓዛው ትኩስ ይሁን። ማድረሻው የዋዜማው ቀን ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ቤት ሽንኩርት ላይ ነው፤ ሲመሽ ደግሞ ችቦው አለ። ሰው ከሌለ በር ላይ ትታችሁ አትሂዱ፤ ማታ ተመለሱ።

ንግግር አታብዙ። «ይቺን ቤት የሠራኋት ናት፣ ቅመሱልኝ» ይበቃል። ለትልልቆቹ፣ ለጋሼና ለእማማ፣ በሁለት እጅ ስጡ። ግቡ ካሏችሁ ለትንሽ ደቂቃ ግቡ፤ ሌላ አምስት ቤት እንደሚቀራችሁ ንገሯቸው።

በዓመቱ ውስጥ ሰው የሞተበት ቤት ካለ ግን እሱን ከሌሎቹ ጋር አታዳርሱት። ከሞት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው በዓል ከባድ ነው። አበባውን፣ ጥለቱንና የልጆቹን ካርድ አንሱለት። ልጅ አትላኩ፤ ራሳችሁ ሂዱ። ለእነሱ ዳቦ ቆሎውን አብዝቼ ነው የምወስደው። በዓሉን ሊያስቡ የሚመጡ እንግዶች ስለሚኖሩ ለቡና ቁርስ ይሆናቸዋል። ይሄ ቤት ሲበዛለት የሚቀየም ጎረቤት አላየሁም። ለእነሱ ዋዜማው ላይ ሳይሆን በበዓሉ ቀን ከሰዓት፣ ሌላው ሰው ከየቤቱ ሳይወጣ ሂዱ። ጠርሙሱን ረከቦቱ አጠገብ አስቀምጡትና ቡናው እስከ በረካ ድረስ አብራችኋቸው ተቀመጡ።